ስላልበሰበሰው ቲማቲሜ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለክቡር የወረዳችን የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቲማቲሜ ሳይበሰብስ በመበላቱ በጽሕፈት ቤቱ ላይ ስላደረስኩት መጉላላት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ሳል አይንካዎ፤ ትኩሳት በደጅዎ አይለፍ፤ የቢሮዎ በር ከባለጉዳይ፣ የመኪናዎ መስታወትም ከአቧራ እንደተጠበቀ ይቆይልዎ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ደህና ነን። ደህና ነን ስልም በራሴ ግምት ሳይሆን በጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ ላይ ተመርኩዤ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት "በአመልካቿ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም" ብሎ ስላረጋገጠልን፣ ጎናችንን እየወጋንም ቢሆን ደህና ከመሆን ሌላ ምርጫ የለንም።

ምናልባት ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ከወንዙ ዳር ባለችው መሬት ላይ ቲማቲም የማለማ፣ ሰፈርተኛው ከፊቴ "እትዬ"፣ ከኋላዬ "ምላሷ" እያለ የሚጠራኝ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ መለጠፌ ድፍረት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ። ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት። ጸሐፊዎ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ "ገና አልወጡም" ትለኛለች፤ እኔም ይህን ያህል የሚመከርለት ወረዳ ምንኛ የታደለ ነው እያልኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ኮሪደሩ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን መኖሩን አላጣሁትም፤ ቁልፉ ከጠፋ እንደቆየ ዘበኛው በቅንነት ስለነገረኝ ግን አስተያየቴን ለሸረሪት ከመስጠት ተቆጥቤያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ገበያው ተዘጋ፤ ከከተማ እየመጣ ምርታችንን የሚያነሳው የጭነት መኪናም ቀረ። ቲማቲሜ ግን መመሪያ ማንበብ ስለማይችል በተለመደው ጊዜው ቀላ። ባለቤቴና እኔ ማሳው ዳር ቆመን አየነው፤ ከማየት ሌላ ምን ልናደርግ እንችላለን። የውሃ ፓምፓችንን ከብድርና ቁጠባ ማኅበሩ በዱቤ ያወጣነው "ቲማቲሙ ሲሸጥ እንከፍላለን" ብለን ነበርና፣ ማሳው ላይ የቀላው የፓምፑ ዋጋ ጭምር ነበር። ወንዙ ከእርሻችን ዝቅ ብሎ ስለሚፈስ፣ ፓምፕ ከሌለን ውሃው የዓይን ውሃ ብቻ ነው፤ እናየዋለን እንጂ አናጠጣበትም።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ትምህርት ቤት ለይቶ ማቆያ ተደረገ። ሕመምተኞቹ ደረቅ ዳቦ እየበሉ እንደሚውሉ የነገረችን ነርሷ ናት። አጥሩ ሽቦ ጋ ቆማ፣ በማስኳ ውስጥ ድምጿን እስከቻለች ከፍ አድርጋ፣ "ኧረ እባካችሁ፣ ትንሽ አትክልት ያላችሁ!" እያለች አላፊ አግዳሚውን ትለምን ነበር። ባለቤቴ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን "መሬት ላይ ከሚፈስ ሰው ይብላው" አለና የእጅ ጋሪውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሳጥኖቹን አጥሩ ሥር አኑረን ወደኋላ እንሸሻለን፤ እነሱ መጥተው ያነሳሉ፤ በሩቁ እጃችንን እናወዛውዛለን፤ በቃ። የተረፈውን ደግሞ የቀን ሥራ ለቆመባቸው ጎረቤቶቻችን አከፋፈልን። በእኛ ሰፈር የሚበላ ነገር ደጅ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ መታየት ነውር ነው፤ አጠገቡ የሚራብ ጎረቤት እያለማ ከነውርም ያልፋል። ይህን የሚገልጽ ሰርኩላር ወጥቶ ስለማያውቅ ጽሕፈት ቤትዎ ባያውቀው አልፈርድበትም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በመኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ በየመንደሩ እየዞረ፣ በገበያው መዘጋት ምርታቸው ለተጎዳባቸው ገበሬዎች መንግሥት የድጋፍ ክፍያ መፍቀዱን አበሰረ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ከዚህ በታች በቁጥር ያሰፈርኩት ከእልልታው በኋላ የሆነው ነው።

አንደኛ፦ የጉዳት አጣሪ ኮሚቴው ደጃችን በመጣ ዕለት ተገቢውን መስተንግዶ ባለማድረጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኮሚቴው ከመኪናው አልወረደም። ምናልባት በሽታውን ፈርቶ፣ ምናልባት ጭቃውን፤ እኛ ከሁለቱም ጋር ስለምንኖር ነው መሰል አላስፈሩንም። ካሜራ የያዘው ባለሙያ መስታወቱን ጣት በምታሾልክ ስንጥቅ ያህል ዝቅ አድርጎ "ጉዳቱ የታለ?" አለኝ። እኔ ሞኟ የተጠየቅሁትን መለስኩ፤ "ሰው በላው" አልኩት። እሱም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ፣ "እትዬ፣ የተበላ ጉዳት አይባልም፤ እኛ የምንመዘግበው የሚታይ ብስባሽ ነው" አለኝና መስታወቱን ዘጋ። ከእናቴ ጀርባ ወርጄ ማረም ከጀመርኩ አንስቶ ጉዳት ማለት የለፉበት ነገር ከእጅ መውጣቱ ይመስለኝ ነበር። ለካ መሽተት ነበረበት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቀው የኖርኩትን በአንድ ስንጥቅ መስታወት ስላስተማሩኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሁለተኛ፦ በዚህ ቁጥር ላይ ቃሌ ቢሻክር ይታገሱኝ፤ ጽፌ ስቀድ፣ ጽፌ ስቀድ ነው የሰነበትኩት። በሰፈራችን አይቸግሬ የሚባል ባለጋሪ አለ። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን፤ የሚቸግረው ነገር ስለሌለ። ኮሚቴው የሚሻው ብስባሽ መሆኑን ከማንም ቀድሞ ሰማ። ከተዘጋው ገበያ ጀርባ ነጋዴዎች ጥለውት የሄዱትን የበሰበሰ ጎመንና ቲማቲም አህያው በሚጎትተው ጋሪ ላይ ቆልሎ አመጣና፣ ኮሚቴው ወደሚጎበኘው ደጅ ሁሉ ቀድሞ እየደረሰ ይገለብጠው ጀመር። ፎቶው ተነስቶ መኪናው ፊቱን ሲያዞር በአካፋ መልሶ ይጭንና በአቋራጩ ወደሚቀጥለው ደጅ ይገሰግሳል። ኪራዩም ክፍያው ሲመጣ ከላዩ የሚቆረጥ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ክምሩ መሐል አንድ እግር ቢጫ የላስቲክ ጫማ ነበረበት። ያ አንድ እግር ጫማ በባለሙያዎ ካሜራ የስንት አባወራ ጉዳት ሆኖ እንደተመዘገበ ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀ ያወራል። ባለሙያዎ ግን "የዚህ አገር ሰው በአንድ እግሩ ብቻ ነው እንዴ ጫማ የሚያደርገው?" ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ይህ ሳያንስ፣ ክምሩ ከደጅ ደጅ ሲዞር ፀሐይ እያገኘው ይብሱን ስለሚበሰብስ፣ ቀድመው የተጎበኙት "መለስተኛ ጉዳት"፣ መጨረሻ ላይ የተጎበኙት "እጅግ ከባድ ጉዳት" ተብለው ተመደቡ። የመጨረሻው ደጅ የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት ደጅ ነበር። እዚያ ሲደርስ ክምሩ ከመሽተቱ የተነሳ ኮሚቴው አፍንጫውን ይዞ ከፍተኛውን ክፍያ ጻፈለት። የእኚህ ሰው እርሻ በረንዳቸው ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከሏት አንዲት የቃሪያ ተክል ናት። እሷም ምንም አልሆነች፤ ለምልማለች፤ በዚያ ሲያልፉ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ይዩዋት።

አይቸግሬ እኛም ጋ ብቅ ብሎ ነበር። "እትዬ፣ ለእናንተ በቅናሽ አደርገዋለሁ፤ ደግሞ ቲማቲሙ ይበዛል፣ ከእናንተ ጋር ይሄዳል" አለኝ፤ ልክ የመጋረጃ ጨርቅ እንደሚያስመርጥ። እኔ ብሆን እከራየው ነበር። ይህን በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም፤ ከእኔ ይልቅ ሊያፍር የሚገባው ስላለ ቦታውን ለቅቄለታለሁ። እምቢ ያለው ባለቤቴ ነው። "በሰው ብስባሽ አልለምንም" ብሎ በሩን ዘጋበት። በዚህ የተነሳ እኔና እሱ ተኳርፈን ሰንብተናል፤ እራቱን ሳቀርብለት ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስጩሄ ነው የማስቀምጠው፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይበላል። ተስማምቶ የኖረ ትዳር ማበጣበጥ በጽሕፈት ቤትዎ የሥራ ድርሻ ውስጥ የሚካተት ከሆነ ሥራው በሚገባ መሠራቱን በዚህ አጋጣሚ አረጋግጣለሁ።

ሦስተኛ፦ የምስጋና ወረቀቴን በተመለከተ። ለይቶ ማቆያው ሊዘጋ በተቃረበ ሰሞን በትምህርት ቤቱ ግቢ በተደረገው ዝግጅት ላይ እርስዎ ራስዎ በክርንዎ ሰላም ብለውኝ፣ "ምርታቸውን ለወገን በነፃ ላበረከቱ" የሚል ወረቀት በእጅዎ ሰጥተውኛል። ፎቶም አብረን ተነስተናል። ባለቤቴ ለዚያ ቀን ብሎ የወንድሙን ኮት ተውሶ ነበር፤ እጅጌው አጥሮት ፎቶው ላይ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደብቋል። ወረቀቱን በመስታወት አስከፍፈን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳይጠየቅ እንዲያነብ በሩ ትይዩ።

ብስባሽ የለሽም ተብዬ ይግባኝ ልል ስመጣ ታዲያ ያንኑ ወረቀት ከግድግዳ አውርጄ፣ አቧራውን በነጠላዬ ጠርጌ፣ ታቅፌው መጣሁ። ቲማቲም እንደነበረን ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ? ኃላፊው ራሳቸው ፈርመዋል! እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ እንደኔ ያለ የዋህ ብቻ ነው። የተሰጠኝ መልስ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "አመልካቿ ምርታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፋቸው በጽሕፈት ቤቱ የምስጋና ወረቀት የተረጋገጠ በመሆኑ፣ በአመልካቿ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።" ያመሰገነኝ እጅና የከለከለኝ እጅ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወረቀት ላይ ፊርማው ሲያልቅ ያችው ጭራ አለችው። በምስጋናው ቀን ወገን የነበሩት ሕመምተኞችም በውሳኔው ቀን ሦስተኛ ወገን ሆነዋል። ክፈፉን ግን መልሰውልኛል፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ሰዎች መጥተው ነበር። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ማኅበሩ የእኛው ገንዘብ ስለሆነ ልወቅሳቸው አልችልም። ፓምፑን ዞረው አዩት፤ ብሎኖቹን በየትኛው ቁጥር መፍቻ እንደሚፈቱት ተነጋገሩ፤ የወሩ መጨረሻ እስኪደርስ እንደሚታገሱን ነገሩንና ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ያ ክፍያ ከመጣ ፓምፑ ይተርፋል። ካልመጣ ይነቀላል። ፓምፑ ከተነቀለ ደግሞ ይህ ወቅት ሳይተከል ያልፋል፤ ባለቤቴም ከተማ ወርዶ ለሕንፃ ሥራ ድንጋይ እሸከማለሁ ብሏል። ባለቤቴ የወገብ በሽተኛ ነው። ካልሲውን የማለብሰው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ጨዋነቴ እንደሚያልቅ ከወዲሁ ይወቁልኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ማታ ስተኛ ተናድጄ ነው፤ ጠዋት ስነሳም ንዴቱ ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል። የተናደድኩት ሌሎች ስለተከፈላቸው አይደለም። ከእነሱ መካከል በእውነት የተጎዱ፣ ቀን የጎደለባቸው፣ እውነተኛውን ጉዳታቸውን የሚያይላቸው ሰው ስላጡ ብቻ አይቸግሬን የተከራዩ ጎረቤቶቼ አሉበት፤ ይድረሳቸው፣ ይባርክላቸው። የተናደድኩት ባለቤቴ ያን ፓምፕ ዛሬም በየቀኑ በዘይት ጨርቅ ስለሚወለውለው ነው። ሊወሰድ እንደሆነ እያወቀ። "ለምን ትደክማለህ?" ብዬ ስጮህበት፣ "ለሚወስደው ሰውም ቢሆን ዝጎ አይሰጠውም" አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ነው የምኖረው፤ እናንተም ጉዳት አልደረሰበትም ያላችሁት ይህንኑ ሰው ነው። ልብ የሚባል ነገር ከደንብ ልብስ ጋር የማይታደል መሆኑን ባውቅም፣ ከእናንተ መካከል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከመኪና ወርዶ "እሺ እትዬ፣ ማን በላው?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

አምስተኛውን ባለቤቴ አስፍቆኛል። ስለ አማችዎና ስለ ቃሪያቸው ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ለወደፊቱ ወረርሽኝ ሲመጣ ድምፅ ማጉያው ቀድሞ ይዙርና ሕዝቡ የሚበላውን እንዳያባክን፣ ማለትም እንዳይበላው፣ በጊዜ ይነገረው። እኛም እንደ ሌላው ወረዳ ሰልጥነን በሥርዓት እናበሰብሳለን። ያለፈውን በተመለከተ ግን ውሳኔው እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። ማስረጃ ከተፈለገ ነርሷ ጤና ጣቢያው ውስጥ ትገኛለች፤ ቲማቲሙን የበሉትም ከሞቱት በቀር በየቤታቸው አሉ። ከሳምንቱ ቀን አንዱን ይምረጡና ስብሰባ ላይ አይሁኑ። ለጭቃው የባለቤቴን ቦቲ ጫማ አውስዎታለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ማንንም ይችላል።

ከወንበርዎ ከፍታ ተነስቶ እስከ ደጃችን ጭቃ ድረስ በሚወርድ አክብሮት፣ ክፍያዬን እንጂ ክፉዎን ሳልመኝ፣

ምንም ጉዳት ያልደረሰባት የወንዝ ዳሯ የቲማቲም ገበሬ
(ፊርማና የጣት አሻራ አለው)

ግልባጭ፦
ለጉዳት አጣሪ ኮሚቴ፤ በመስታወቱ ስንጥቅ በኩል
ለብድርና ቁጠባ ማኅበር፤ መፍቻውን ለጊዜው እንዲያቆዩልን

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናትዎ ደህና ናቸው። ሲያገኟቸው ስለማላይዎ ይናፍቋቸው ይሆናል ብዬ ነው። እንደሚያውቁት ያን ሰሞን ለይቶ ማቆያው ውስጥ ተኝተው ነበር፤ እርስዎ በሥራ ብዛት አጥሩ ጋ መድረስ ስላልቻሉ እኛ በየማለዳው በሩቁ እጃችንን እናወዛውዝላቸው ነበር። የማን እናት እንደሆኑ ያወቅነው ከዳኑ በኋላ ነው። አሁን እየመጡ ይጠይቁኛል፤ "ልጄ" ነው የሚሉኝ። ትናንት መጥተው ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስላገኙኝ፣ ዓይናቸው ደክሟልና አንብቢልኝ አሉኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፤ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነም ደብቄ አላስቀረሁም። ሲያልቅ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሊሄዱ መስሎኝ ደንግጬ፣ "እማማ፣ ቅር ካለዎት ልቅደደው" አልኳቸው። "ቲማቲሙንማ በልቻለሁ" አሉ፤ "አምጪው፣ ልፈርም።" ከፊርማዬ ጎን ያለው የጣት አሻራ የእሳቸው ነው።